የጋራ ባንድ፣ የየግል ዘፈን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል፦ አባላቱ ሁሉ ለየብቻቸው ዘፈን የሚደርሱበት የፓወር ፖፕ ባንድ። ስልቱን ለማያውቁት ባጭሩ፦ ስሙን በ1967 የተጠቀመበት የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ ነው። ጊታሩ የሮክ ጉልበት አለው፤ ዜማው ግን አንዴ ሰምተው የሚያንጎራጉሩት ዓይነት ነው። አዝማቹን ሁለትና ሦስት ሰው በተለያየ ድምፅ ይቀበለዋል፤ ዘፈኑም ከሦስት ደቂቃ ተኩል ብዙ አይዘልም። የጠቀስናቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ነን፤ አራታችንም በየቤታችን እንጽፋለን። ዲሞዎቻችንን (የሙከራ ቅጂዎቻችንን) አሰባስበን ስንሰማቸው ግን የአራት ባንዶች ሥራ ይመስላሉ። አብረን መጻፍ እንጀምር?

መልስ፦ አያስፈልግም። ችግሩ ዘፈኑን ለየብቻ መጀመራችሁ ሳይሆን ለየብቻ መጨረሳችሁ ነው። አንድ ሰው ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ድራሙን ሠርቶ፣ ቤዙን ራሱ ተጫውቶ፣ ሁለተኛ ጊታርና ኪቦርድ ደርቦ ሲመጣ ለሌሎቹ የሚቀራቸው ሥራ መቅዳት ብቻ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ የራሱ ያልሆነ መስመር ያጠናል፤ ድራመሩ ማሽን ለመምሰል ይጥራል። አራት ሰዎች እንዲህ ካደረጉ በእርግጥም አራት ባንዶች ናችሁ።

ስለዚህ ዲሞውን አራቁቱት። አንድ ጊታር ወይም ኪቦርድ፣ አንድ ድምፅ፣ ክሊክ (ፍጥነቱን የሚጠብቅ ምት)፤ በቃ። ያለ እሱ ዘፈኑ ዘፈን የማይሆን የጊታር ሪፍ (ተደጋጋሚ አጭር ዜማ) ካለ ብቻ በተጨማሪ ትራክ ይግባ። ከዲሞው ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይምጣ፦ ግጥሙ፣ በላዩ ኮርዶቹ (አብረው የሚመቱት ድምፆች)፣ ኪዩ (ጂ፣ ኤ እየተባለ የሚጠራው የዘፈኑ መነሻ ድምፅ)፣ ፍጥነቱ። ይህ ከልምምዱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ለሁሉም ይድረስ። በልምምዱ ዕለት የዘፈኑ ባለቤት አንዴ ብቻውን ይጫወተው፤ ከዚያ ባንዱ ሦስት ጊዜ ያለ ምንም አስተያየት ይሂድበት፤ ሦስቱንም በስልክ ቅዱ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ኮርድ ፍለጋ ላይ ነው። በሁለተኛው የዘፈኑ ቅርጽ ይገባዋል። በሦስተኛው የእያንዳንዱ እጅ ወደለመደው ይሄዳል፤ የባንዱ ድምፅ ደግሞ ያ የለመደው ነገር ነው። ባለቤቱ በመጀመሪያው ዙር ላይ «እንዲህ አይደለም» ብሎ ካቆመ ያን ነገር ሳይሰማው ይቀራል።

የመጨረሻውን ቃል ማን እንደሚናገርም አስቀድማችሁ ወስኑ። እኛ የምንመክረው፦ በግጥምና በዜማ ላይ የጻፈው፣ በኪይ ላይ የሚዘፍነው፣ በእያንዳንዱ መሣሪያ መስመር ላይ የሚጫወተው። በፍጥነት ላይ ግን ድራመሩን ስሙ። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የተጻፈ ዘፈን ከበሮ ሲገባበት ብዙውን ጊዜ የዘገየ ሆኖ ይገኛልና ከ4 እስከ 8 ቢት (ምት) በደቂቃ መጨመር ሊኖርባችሁ ይችላል።

የሁለቱ ጊታሮች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ አንድነት የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚህ ነውና። ሁለቱም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ ኮርድ ከመቱ ድምፁ ይወፍራል እንጂ አይሰፋም፤ ዜማውንም ይሸፍነዋል። ዘፈኑ በጂ ከሆነ አንደኛው ክፍቱን ጂ፣ ሲ፣ ዲ ይምታ። ሁለተኛው አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) አስሮ የዲ፣ የጂ እና የኤ ቅርጾችን ይያዝ፤ የሚወጣው ድምፅ ያው ጂ፣ ሲ፣ ዲ ነው፤ ግን ከላይ ያንጸባርቃል። አንዱ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር) ከጨመረ ሌላው ይቀንስ። ይህን የሥራ ክፍፍል ማንም ጻፈው ማን በሁሉም ዘፈን ላይ ካጸናችሁት አድማጭ ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ ባንዱን ይለየዋል። ጊታሮቻችሁ የሚቃኙበትን መጠንም አንድ አድርጉ፤ ግማሽ ቶን ዝቅ የምትሉ ከሆነ ሁላችሁም፣ በሁሉም ዘፈን።

ቀረጻ ላይ ስትደርሱ የሁሉንም ዘፈኖች ድራምና ቤዝ ማይክራፎኖቹን ከቦታቸው ሳታነሱ፣ በአንድ ክፍል፣ በተከታታይ ቀናት ጨርሱ። እያንዳንዱ ደራሲ የሚወደው ስቱዲዮና የሚወደው ባለሙያ ጋር ከሄደ ልዩነቱን ማስተሪንግ (የቀረጻው የመጨረሻ ማስተካከያ) አያጠፋውም፤ ማስተሪንግ የድምፁን ከፍታና ቀለም ያቀራርባል እንጂ የክፍሉን ማስተጋባት አይቀይርም። የዘፋኙ ድምፅና ግጥሙ ግን ይለያዩ። እነሱን አንድ ለማስመሰል መሞከር የባንዱን ዋና ሀብት መጣል ነው።

ጥያቄ፦ ድራመራችን ጥሩ ዘፈን ይጽፋል፤ ግን ከበሮው ኋላ ሆኖ መዝፈን አይሆንለትም። መድረክ ላይ ምን እናድርግ?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ ሊጠና የሚገባው ባንድ ስሎን ነው። በ1991 በካናዳ ሃሊፋክስ የተመሠረተ ሲሆን አራቱም አባላት ይጽፋሉ፣ አራቱም ይዘፍናሉ። ድራመሩ አንድሩ ስኮት የራሱን ዘፈን ሊዘፍን ሲነሣ ጊታር ይይዛል፤ ቤዝ ተጫዋቹ ክሪስ መርፊ ከበሮው ላይ ይቀመጣል፤ ጊታሪስቱ ጄይ ፈርጉሰን ቤዙን ይረከባል። ፓትሪክ ፔንትላንድ ከጊታሩ ጋር ባለበት ይቆያል። ዘዴው ያማረው አንድ ሰው ባለመነቃነቁ ነው፤ ሌሎቹ ሲቀያየሩ ከመድረኩ ድምፅ የሚያወጣ ሰው አለ።

እናንተም ሞክሩት፤ ግን መቀያየሩን በየዘፈኑ አታድርጉት። በአርባ ደቂቃ ዝግጅት የድራመሩን ሁለት ወይም ሦስት ዘፈኖች አንድ ላይ አድርጋችሁ መሐል ላይ አስቀምጡ፤ አንድ ጊዜ መሄድ፣ አንድ ጊዜ መመለስ። የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። ተተኪው ከበሮ መቺ ወንበሩን ያዞረዋል፣ ሲምባሉን ያቀርባል፤ ዋናው ሲመለስ ምንም ነገር ቦታው ላይ የለም። መላው ቀላል ነው፦ የወንበሩን ቁመትና የስታንዶቹን እግር በቀለም ቴፕ ምልክት አድርጉ፤ ተተኪውም በልምምድ በዋናው አቀማመጥ ይልመድ። ሁለተኛው ስህተት የመሣሪያ ድምፅ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ቤዝ ሲጫወት አንዱ በጣት አንዱ በፒክ ከሆነ የድምፁ ጉልበት ይለያያል፤ ለድምፅ ባለሙያው ከመድረክ በፊት በሁለቱም እጅ አሰሙት። አንዳችሁ ግራኝ ከሆናችሁ ነገሩ ይከብዳል፤ ለግራኙ የተለየ ጊታር መያዝ ግድ ነው፤ ከበሮውን ግን በዝግጅት መሐል ገልብጦ ማስተካከል አይታሰብ።

ይህ ሁሉ የሚያለፋችሁ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ፦ ድራመሩ ይጻፍ፣ ሌላ ሰው ይዝፈንለት። ያን ጊዜ ግን ኪዩን ለዘፋኙ ቀይሩት።

ጥያቄ፦ ዘፈኑን የጻፈው ይዘፍናል፤ ሌሎቻችን በሁለተኛ ድምፅ እንቀበላለን። ሦስት ኖታ ከፍ እያልን ነው የምንሄደው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ይጎረብጣል። ለምን?

መልስ፦ በስኬሉ (በኪዩ የኖታ መሰላል) ላይ ሁልጊዜ ሦስተኛውን ኖታ መያዝ ከኮርዱ ጋር ስለማይስማማ ነው። በጂ ኪይ እንየው። ዜማው ጂ ላይ ሲሆን ከላይ ያለው ሦስተኛ ቢ ነው፤ ያምራል። ዜማው ቢ ላይ ሲሆን ዲ ይሆናል፤ እሱም ያምራል። ዜማው ዲ ላይ ሲደርስ ግን ሦስተኛው ኤፍ ሻርፕ ነው፤ የጂ ኮርድ ከሥር እየጮኸ ኤፍ ሻርፕ ከኮርዱ መነሻ ድምፅ ከጂ ጋር በግማሽ ቶን ይገፋፋል። እዚያ ቦታ ተቀባዩ ወደ ጂ ይውጣ። ደንቡ ይህ ነው፦ ዜማው ረዘም ብሎ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ተቀባዩ ከኮርዱ ኖታዎች በአንዱ ላይ ይረፍ፤ በመሸጋገሪያ አጫጭር ኖታዎች ላይ ብቻ በሦስተኛ ይሂድ።

ከላይ የሚቀበለው ማን ነው የሚለውን ደግሞ በየዘፈኑ አትወስኑ። ከሁላችሁ ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ሁልጊዜ ላይኛውን ይያዝ፤ የራሱን ዘፈን ሲዘፍን ብቻ ቀጣዩ ይተካው። ቃላት የሚጨርሱ ተነባቢዎችን፣ በተለይ ስ እና ት፣ አንድ ሰው ብቻ ይጥራቸው፤ አራት ሰው አራት ጊዜ ሲጠራቸው ቀረጻው ላይ እንደ ርችት ይንጣጣል።

ጥያቄ፦ የአንዱ አባላችን ዘፈኖች ሁልጊዜ ከአምስት ደቂቃ ያልፋሉ። ቁረጥ ብንለው ይቀየማል።

መልስ፦ ከስሜት ይልቅ በባር (ዘፈኑ በምት በሚከፈልበት እኩል ክፍል) ቁጥር ተነጋገሩ። በደቂቃ 132 ቢት በሚሄድ ዘፈን አንድ ባለ አራት ቢት ባር 1.8 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። መግቢያ 4 ባር፣ ቨርስ (ከአዝማቹ በፊት የሚዘፈነው ክፍል) 16፣ አዝማች 8፣ ሁለተኛ ቨርስ 16፣ አዝማች 8፣ ብሪጅ (መሸጋገሪያ) 8፣ ሶሎ (የመሣሪያ ብቻ ክፍል) 8፣ መጨረሻ ላይ አዝማቹ ሁለት ጊዜ 16፤ ድምሩ 84 ባር፣ ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰከንድ ያህል። አምስት ደቂቃ የሚሞላው ዘፈን ከዚህ እጥፍ ያህል ባር አለው ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሲያየው ራሱ ያገኘዋል። መጀመሪያ ሊነካ የሚገባው መግቢያው ነው፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ቨርስ፣ ከ16 ወደ 8። አዝማቹን አትንኩት።

ጥያቄ፦ ከሃያ በላይ ዘፈን አለን፤ አልበሙ አሥራ ሁለት ይይዛል። ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት እንካፈል ወይስ የተሻለው ይግባ?

መልስ፦ እኩል መካፈል የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የግላስጎው ባንድ ቲንኤጅ ፋንክለብ በ2000 ባወጣው «ሃውዲ!» አልበም ላይ አሥራ ሁለቱን ዘፈኖች ሦስቱ ደራሲዎች አራት አራት ተካፍለዋል፤ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር ጄራርድ ላቭ፣ ሬይመንድ መጊንሊ፣ ኖርማን ብሌክ እያለ በተራ ይዞራል። ይህ የሚያምረው ግን ሦስቱም በተመሳሳይ ደረጃና ብዛት የሚጽፉ ሲሆን ነው። እናንተ አዲስ ከሆናችሁ ቢያንስ ሁለት ሁለት ለእያንዳንዱ ዋስትና ስጡና የቀሩትን አራት ቦታዎች ለውድድር ክፈቱ።

ድምፅ ስትሰጡ ማንም ለራሱ ዘፈን ነጥብ አይስጥ። ለሌሎቹ ዘፈኖች ከ0 እስከ 3 በጽሑፍ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይስጥ። በቃል ከሆነ «የአንተን ልደግፍልህ፣ የእኔን ደግፍልኝ» ይጀመራል። ነጥቡ ከወጣ በኋላ የተመረጡትን በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሩ፦ ኪይ፣ ፍጥነት፣ እንዴት እንደሚጀምር፣ ስለ ምን እንደሚያወራ። ለየብቻ የሚጽፉ ሰዎች የማያዩት ችግር ብዙውን ጊዜ እዚህ ይወጣል፦ ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ በጂ፣ አምስቱ በ120 እና በ126 ቢት መካከል፣ ስምንቱ በጊታር ብቻ የሚጀምሩ ሆነው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ዘፈን ጥሩ ነው፤ አልበሙ ግን ያሰለቻል። ከጂዎቹ ሁለቱን በካፖ ወደ ኤ ማውጣት፣ አንዱን በድምፅ ማስጀመር፣ አንዱን በከበሮ ማስገባት ብዙ ይለውጣል። 14 ዘፈን ቅረጹ፣ 12 ልቀቁ።

ለቅደም ተከተል ስሎን ሁለቱንም ጫፍ ሞክሮታል። በ2006 ሠላሳ ዘፈኖችን ቀላቅሎ በአንድ አልበም አወጣ። በ2014 ደግሞ «ኮመንዌልዝ» ላይ ለእያንዳንዱ አባል አንድ የሸክላ ገጽ ሰጠ፤ የስኮት ገጽ አሥራ ስምንት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አንድ ዘፈን ብቻ ነው። የሁለተኛው ሐሳብ ድፍረቱ ደስ ይላል። ለመጀመሪያ አልበም ግን አንመክረውም፤ ባንዱን ገና የማያውቅ አድማጭ በአንድ ዘፋኝ ሲጀምር ሌሎቹ እንግዳ ይሆኑበታል። በመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች ውስጥ አራቱም ድምፅ ይሰሙ።

ጥያቄ፦ እኔ ቨርስ አለኝ፣ አዝማች የለኝም፤ ጓደኛዬ በተቃራኒው። ብንገጥማቸው ያምራል?

መልስ፦ ሊያምር ይችላል። ማራያ ኬሪ የዘፈነችውን «ዊዝአውት ዩ» ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሠራው በ1970 ባድፊንገር የተባለው ባንድ ነው። ከባንዱ አባላት ቨርሱ የፒት ሃም፣ አዝማቹ የቶም ኢቫንስ ነበር። ስትገጥሙ ሁለቱን በአንድ ፍጥነት አድርጉ፤ ኪያቸው ከተለያየ የአዝማቹን አትንኩ፣ ቨርሱን አምጡት። ቨርሱ ከአዝማቹ ዝቅ ብሎ ካልጀመረ ግን አዝማቹ ሲመጣ አይነሣም።

ጥያቄ፦ ገቢውስ? የጻፈው ብቻውን ይውሰድ ወይስ እንካፈል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሦስት ኪሶችን ለዩ። አንደኛው የግጥምና የዜማ መብት ነው፤ ዘፈኑን ሌላ ባንድ ቢጫወተውም ይከፈላል። ሁለተኛው የቀረጻው መብት ነው። ሦስተኛው የመድረክ ክፍያ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እኩል ተካፈሉ፤ የሚያጣላው የመጀመሪያው ነው።

የጻፈው ብቻውን የሚወስድበት ሥርዓት ምን እንደሚያመጣ የእንግሊዙ ባንድ ኩዊን አሳይቶናል። በ1975 የ«ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ሸክላ ሲወጣ ጀርባው ላይ የነበረው የድራመሩ የሮጀር ቴይለር ዘፈን ነበር። ሸክላ በተሸጠ ቁጥር ለሁለቱም ገጽ ደራሲዎች እኩል ስለሚከፈል፣ ሰዎች የፊቱን ፈልገው በገዙት ሸክላ የጀርባውም ደራሲ እኩል አገኘ። በባንዱ ውስጥ ቅሬታ ቆየ፤ በ1989 ዘፈኖቻቸውን በሙሉ በባንዱ ስም ማውጣት ጀመሩ። ስሎን በበኩሉ ማንም ይጻፈው በባንዱ ስም ያወጣል፣ እኩል ይካፈላል። ይህም ጣጣ አለው፦ በዓመት አሥር የሚጽፈውና አንድ የሚጽፈው እኩል ሲያገኙ አሥር የሚጽፈው አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም።

ለጀማሪ የምንመርጠው መካከለኛውን ነው። ከእያንዳንዱ ዘፈን 50 በመቶው ለጻፈው፣ የቀረው 50 በመቶ ጻፊውን ጨምሮ ለአራቱም እኩል፣ 12.5 በመቶ በነፍስ ወከፍ። ስለዚህ ጻፊው 62.5፣ ሌሎቹ 12.5 ያገኛሉ። ቤዝ ተጫዋቹ ዘፈኑን ያቆመ መስመር ሲያመጣ ባዶ እጁን አይቀርም፤ ጻፊውም ልፋቱ አይጠፋም። ሁለት ሰው አብሮ ከጻፈ 50 በመቶዋን እነሱ ይካፈሏታል።

ወረቀቱን ከቀረጻው በፊት ፈርሙ፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ የሁሉም ትዝታ ይለያያል። በየዘፈኑ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ርዕሱ፣ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በመቶኛ፣ የሁሉም ፊርማ። ድምሩ 100 መሆኑን አረጋግጡ። የሮያሊቲ (የደራሲነት መብት ክፍያ) ሰብሳቢ ድርጅት ዘንድ የምታስመዘግቡትም ያው ቁጥር ይሁን፤ ሁለት አባላት በየፊናቸው የተለያየ ድርሻ አስመዝግበው ድምሩ ከመቶ ካለፈ ጉዳዩ እስኪጣራ ክፍያው ሊታገድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአራታችን አንዱ ሊለቅ ነው። የእሱን ዘፈኖች መጫወት እንችላለን?

መልስ፦ በብዙ አገሮች የመድረክ ፈቃድ የሚከፈለው በአዳራሹ በኩል ስለሆነ መጫወቱ ብዙውን ጊዜ አይከለከልም። የሚከብደው ድምፁ ነው። እሱ በኤ የዘፈነውን ሌላው በጂ ሊዘፍነው ይችላል፤ ክፍት ኮርዶቹና የካፖው ቦታ ግን ስለሚቀየሩ ቅንብሩን እንደ አዲስ ሥሩ። ጄራርድ ላቭ በ2018 ከቲንኤጅ ፋንክለብ ሲለቅ ቀሪዎቹ ሁለት ደራሲዎች የእሱን ቦታ በሌላ ጻፊ ለመሙላት አልሞከሩም፤ የ2021ዱ አልበም ዘፈኖች የብሌክና የመጊንሊ ናቸው።

ተቀርጸው ያልወጡ ዘፈኖች ካሉ ከመለያየታችሁ በፊት ዝርዝራቸውን ጻፉና ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት አንዱን አስፍሩ፦ ይውጣ፣ ይቅር፣ ወይም ደራሲው ይዞት ይሂድ። ይዞት ከሄደ እናንተ የተጫወታችሁበትን ቀረጻ መጠቀም ይችል እንደሆነም ለይታችሁ ጻፉ፤ ዘፈኑ የእሱ ቢሆንም ቀረጻው የአራታችሁ ነው።